ክፉ ቀን የገለጠው ሰብዓዊነት፦ ከወላይታ የመረዳዳት ታሪክ



በበዓል መጽሔት ላይ እንደተለመደው ስለ ተሰበሰበው ምርት፣ ስለ ቀረበው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር፣ ስለ ተከፋፈለው ትርፍ በሌሎች ገጾች ይነገራል። ይህም ተገቢ ነው፤ አባል የገዛ ገንዘቡን ሂሳብ የማወቅ መብት አለውና። ሆኖም በሂሳብ መዝገብ የማይሰፍር፣ ነገር ግን ማኅበርን ማኅበር የሚያሰኝ አንድ ሌላ ሀብት አለ። እርሱም በክፉ ቀን የጎረቤቱን ደጅ የሚያንኳኳ ሰው በሩን የሚከፍትለት ማግኘቱ ነው። ይህ ጽሑፍ የዚህን ሀብት ታሪክ በወላይታ ምድር ላይ በአጭሩ ይቃኛል። በመጨረሻም አንድ ጥያቄ ያነሣል፦ ችግር የገለጠልንን ሰብዓዊነት ጥጋብ ሲመጣ ለምን እንረሳዋለን?

ከማኅበር በፊት የነበረ ማኅበር

የወላይታ ገበሬ የመደራጀትን ትምህርት ከቢሮ አልተማረም። ከዳሞታ ተራራ ሥር አንሥቶ እስከ ቢላቴና ኦሞ ወንዞች ድረስ ሕዝቡ ተጠጋግቶ የሚኖር በመሆኑ በብዙ ቀበሌ የአንድ ቤተሰብ ማሳ ግማሽ ሄክታር እንኳ አይሞላም። እንዲህ ባለ ጠባብ መሬት ላይ ሰው ያለ ሰው አይኖርም። ከዚህም የተነሣ አባቶቻችን የጋራ ሥራን በየዓይነቱ አደራጅተው አቆይተውልናል።

ዳጓ ብዙ ሰው ተጠርቶ በአንድ ቀን ሰፊ ሥራ የሚጨርስበት ነው። ጠሪው ምግብና መጠጥ ያዘጋጃል፤ ጎረቤቱ መቆፈሪያውን ይዞ ይመጣል። ዛይያ ደግሞ ጥቂት ሰዎች በተራ አንዱ የሌላውን ማሳ የሚሠሩበት ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ወይም ታሞ የተኛ ሰው ማሳው ጦም እንዳያድር ጎረቤት ያለ ድግስም ይቆፍርለታል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር መቀናጆ ገብቶ ያርሳል። ከብት የሌለው ሰው ደግሞ ኮታ በሚባለው ልማድ የሌላውን ላም ተቀብሎ ያረባና ጥቅሙን ከባለቤቱ ጋር ይካፈላል። በዚህ መንገድ ምንም ያልነበረው ቤት ወተት ያያል፤ ከጊዜ በኋላም የራሱ ጊደር ይኖረዋል።

ለጊፋታ በዓል ወንዶች ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት እያዋጡ የሚታረደውን በሬ ይገዛሉ፤ ሴቶችም ለቅቤው በበኩላቸው ይቆጥባሉ። የተጣላ ሰው ከበዓሉ በፊት ይታረቃል፤ ቂም ይዞ አዲስ ዓመት መግባት ነውር ነውና። መኪና እንደ ልብ ባልነበረበት ዘመን የታመመ ሰው በቃሬዛ ተጭኖ ወደ ሶዶ ወይም ወደ ዱቦ ሐኪም ቤት ሲወሰድ ተሸካሚዎቹ በየመንደሩ ይቀባበሉት ነበር። መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ማንነቱን ሳይጠይቅ ትከሻውን ያስገባል። ለዚህ ውለታ ደረሰኝ አይቆረጥም፤ ነገር ግን ማንም አይረሳውም።

ይሁን እንጂ ታሪክ ሲጻፍ መልካሙን ብቻ ማውራት ተገቢ አይደለም። በዚህ ሁሉ መተባበር ውስጥ ያልተካተቱ ወገኖች ነበሩ። ሸክላ የሚሠሩት ቺናሻ፣ ቆዳ የሚያለፉት ደገላ፣ ብረት የሚቀጠቅጡት ዎጋቺያ ለሁላችንም ቤት ዕቃ፣ ለሁላችንም እርሻ ማረሻ እያቀረቡ ከእኛ ጋር በአንድ ገበታ እንዲቀመጡ አይፈቀድላቸውም ነበር። በጋብቻም አይዛመዱንም። ምግብ ሲሰጣቸው በሳህን ሳይሆን በእንሰት ቅጠል ነበር። ይህንን እዚህ ላይ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጦርነት፣ ገባርነትና ዋዱ

በ1887 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወደ ወላይታ ዘምቶ ከካዎ ጦና ጋር ያደረገው ጦርነት ብዙ ሰው አጥፍቷል፤ ብዙ ከብትም ተነድቷል። ከጦርነቱ በኋላ የመጣው የገባርነት ሥርዓት ገበሬውን ለባለመሬት አሳልፎ ሰጠው። በዚያ ዘመን ቤተሰብን ካቆሙት ነገሮች አንዱ እንሰት ሲሆን ሌላው ጉርብትና ነው። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። የደረሰለት ላልደረሰለት እየሰጠ፣ ሴቶችም ተሰባስበው እየፋቁ ሕዝቡ ቆየ።

በ1962 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ብድር የወላይታ የግብርና ልማት ድርጅት በሶዶ ተቋቋመ። ሕዝቡ በምሕጻሩ ዋዱ እያለ ይጠራው ነበር፤ ስሙም እስከ ዛሬ ከሶዶ ነዋሪ አፍ አልጠፋም። ዋዱ ማዳበሪያ፣ የተሻሻለ የበቆሎ ዘርና ብድር ለገበሬው አስተዋወቀ። መሬት የጠበባቸውን የደጋና የወይናደጋ ቤተሰቦችም ወደ አበላና ወደ በሌ ቆላዎች ወስዶ አሰፈረ። ቆላው ለም ነበር፤ ወባውም ብርቱ ነበር። በአንድ ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው በትኩሳት ሲወድቅ ውኃ የሚቀዳ፣ እሳት የሚያነድ የግድ ከሌላ ቤት መምጣት ነበረበት። ከተለያየ መንደር የመጡ፣ ከዚያ በፊት የማይተዋወቁ ሰዎች በዚህ ዓይነት ጎረቤት ሆኑ።

በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ለሕዝብ የሆነበት አዋጅ ወጣ። ገባርነት ቀረ። ብዙዎች ከእንግዲህ ረሃብ በታሪክ ብቻ የሚነገር መስሏቸው ነበር።

አረንጓዴው ረሃብ

በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የቆረም ረሃብተኞች ምስል በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታይቶ ዓለም ደነገጠ። የሰሜን ወገኖቻችን መከራ እውነት ነበር፤ የዓለምም ርዳታ ተገቢ ነበር። ነገር ግን በዚያው ዘመን በሲዳሞ ክፍለ ሀገር በወላይታ አውራጃም ሰው በረሃብ ያልቅ እንደነበር የሚያውቀው ጥቂት ነው። የ1976 ዓ.ም. የበልግ ዝናብ ቀረ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚያሻግረው ስኳር ድንች ጠፋ። የክፉ ቀን መሸሸጊያ የነበረውን እንሰትም አጠውልግ የሚባለው በሽታ በየጓሮው ያደርቀው ነበር። በኋላ ዝናብ ሲጥል ምድሩ ለመለመ። ሜዳው አረንጓዴ፣ ሰው ግን የሚበላው የለውም። ባለሙያዎች ይህንን ዓይነቱን አረንጓዴ ረሃብ ይሉታል። ከመኪና መስኮት የሚያይ እንግዳ ልምላሜ ያያል፤ ቤት ውስጥ ያለውን አያይም።

በዚያን ጊዜ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በቦሎሶ የሚኖር ልጅ ነበርኩ። ያየሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ከመንደራችን ዳር አንዲት ሸክላ ሠሪ ከልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። አያቴ ማሰሮና ምጣድ የምትገዛው ከእርሷ ነው። ሴትየዋ ስትመጣ ከደጅ ትቀመጣለች፤ ምግብ ሲሰጣት በቅጠል ይቀርብላታል። ይህ ክፉ ልብ ከመያዝ የመጣ አልነበረም፤ ሁሉም ሰው እንዲሁ ያደርግ ስለነበር ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም።

ረሃቡ ሲበረታ ርዳታ መጣ። ስም ሲመዘገብ መሬት የሌላቸው ቀደሙ፤ ሸክላ ሠሪዋም ተመዘገበች። የእኛ ቤት መሬትና በጓሮው የቆመ እንሰት ስለነበረው ታለፈ። እንሰቱ ግን ግማሹ ታሞ ግማሹ ገና አልደረሰም ነበር። አንድ ቀን ምሽት ላይ ሴትየዋ ዱቄት በሸክላ ሳህን ይዛ መጣች። እንደ ወትሮዋ ከደጅ ቆመች። አያቴ ሳህኑን አይታ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም፣

"ሰጪ ደጅ ላይ አይቆምም፤ ግቢ ልጄ" አለቻት።

ገባች። ዱቄቱ ተገነፋ። ሁላችንም ከአንድ ሳህን በላን። እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ያለ ነገር በቤታችን አይቼ አላውቅም። የሴትየዋ ትንሽ ልጅ ከእኔ ጎን ተቀምጦ ጣቱን ይልስ ነበር፤ እኔም እንደ እርሱ እልስ ነበር። በመካከላችን ምንም ልዩነት አልነበረም።

በሚቀጥለው ዓመት በቆሎ ደህና ሆነ። ለጊፋታ ሰሞን ያቺ ሴት አዲስ ምጣድ ይዛ መጣች። ተመልሳ ከደጅ ተቀመጠች። ከቤት ውስጥ ግቢ ያላት የለም። ቅጠል ቆርጠህ አምጣ ተባልኩ፤ ቅጠሉን ከጓሮ ቆርጬ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ይህንን ለመናገር ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። አያቴ ደግ ሰው ነበረች፤ መንደራችንም ደግ መንደር ነበር። ነገር ግን ረሃብ የከፈተውን በር ጥጋብ መልሶ ዘጋው። ያን ጊዜ የተማርኩት ችግር ሰውን አዲስ ሰው እንደማያደርገው ነው። ችግር የሚያደርገው ከበፊትም የነበረውን እውነት ማሳየት ብቻ ነው። የታየውን ለማቆየት ግን ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

ደግነትን ሕግ ያደረጉ ሰዎች

ያ ሌላ ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ የኅብረት ሥራን አነሣሥ መመልከት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. ከ1846 እስከ 1847 በጀርመን አገር ምርት ጠፍቶ በብርዱ ወራት ረሃብ ሆነ። ቫየርቡሽ በምትባል የገጠር ቀበሌ ፍሪድሪክ ቪልሄልም ራይፋይዘን የሚባል ወጣት ከንቲባ ነበር። ራይፋይዘን አቅም ያላቸውን ነዋሪዎች አስተባብሮ የዳቦ ማኅበር አቋቋመ። ዱቄት አስመጣ፤ የጋራ መጋገሪያ ቤት አሠራ፤ ጥሬ ገንዘብ ለሌላቸው ድሆች ዳቦ በዱቤ አቀረበ። ብዙ ሰውም ከረሃብ ተረፈ።

የራይፋይዘን ትልቅነት ግን ከዚያ በኋላ በተማረው ነው። ማኅበሩ የቆመው በሀብታሞች በጎ ፈቃድ ነበር። ረሃቡ ሲያልፍ በጎ ፈቃድም እየቀዘቀዘ እንደሚሄድ በሥራ ላይ አየ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ገበሬዎቹ ራሳቸው አባል የሚሆኑበት፣ አንዱ ለሌላው ዋስ የሚቆምበት የብድር ማኅበር መሠረተ። ያም ለዛሬዎቹ የገጠር ቁጠባና ብድር ማኅበራት አንዱ መሠረት ሆነ።

ከእርሱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ 28 ሠራተኞች እያንዳንዳቸው አንድ ፓውንድ አዋጥተው አንዲት ትንሽ ሱቅ ከፍተው ነበር። የሸጡት ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳርና አጃ ነው። ሱቃቸው በዓለም የታወቀው በሸቀጡ ብዛት ሳይሆን በደንቡ ነው፦ ሚዛን አይጭበረበርም፤ ትርፍ አባሉ በገዛው መጠን ይከፋፈላል፤ አንድ ሰው አንድ ድምፅ ብቻ አለው።

ከእነዚህ ሰዎች የምንማረው ግልጽ ነው። ደግነት ብቻውን ሲቀር ወቅት ጠባቂ ነው፤ እንደ በልግ ዝናብ ሊመጣም ሊቀርም ይችላል። በመተዳደሪያ ደንብ ሲጻፍ ግን የዛሬው ሰው ቢደክም የነገው ይቀጥለዋል።

በግድ የሆነ አንድነት

በአገራችን የኅብረት ሥራ ማኅበራት በሕግ መቋቋም የጀመሩት በንጉሡ ዘመን በ1950ዎቹ ነው። በደርግ ዘመን ቁጥራቸው በዛ። መልባ፣ ወልባና ወላንድ የሚባሉትን የአምራቾች ማኅበራት ደረጃዎች የዕድሜ ባለጸጋ አባሎቻችን ያስታውሷቸዋል። ዓላማቸው የገበሬውን ኑሮ በጋራ ማሳደግ ነው ቢባልም በብዙ ስፍራ አባልነቱ ከልብ አልነበረም። ገበሬው ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተቆረጠ ዋጋ እህል እንዲያስረክብ በየዓመቱ ይመደብበት የነበረው መጠን ኮታ ይባል ነበር።

ልብ በሉ፦ ኮታ የሚለው ቃል ለወላይታ ገበሬ ሁለት ትርጉም ኖረው። አንደኛው ጎረቤቱ ላሙን አምኖ የሚሰጥበት ነው፤ ሁለተኛው ከጎተራው እህል የሚወሰድበት ነው። በመጀመሪያው ኮታ ሰውና ሰው ይተያያሉ፤ በሁለተኛው የሚታየው ኩንታል ብቻ ነው። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ አባላት ከአምራቾች ማኅበራት መውጣት ተፈቀደላቸው፤ አብዛኞቹ ማኅበራትም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ፈረሱ። መተሳሰብ ሳይኖር የተሰበሰበ ንብረት ሰውን አንድ አድርጎ ሊያቆየው አልቻለም።

ከዚያ በኋላ ብዙዎች ማኅበር የሚለውን ስም መስማት ጠሉ። እንደገና ለመጀመር ድፍረት ይጠይቅ ነበር። በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 ማኅበራት በአባላት ፈቃድ ብቻ እንዲቋቋሙ መንገዱን ጠረገ፤ መሠረታዊ ማኅበራትም ተባብረው ዩኒየን የሚመሠርቱበትን በር ከፈተ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 985 ተተካ። የአገልግሎት ማኅበር ተቃጥሎ፣ ንብረት ተዘርፎ ያዩ አባቶች ያንን ሁሉ እያስታወሱ የአክሲዮን ገንዘባቸውን እንደገና ማዋጣታቸው ቀላል ነገር አይደለም። ገንዘቡን ያዋጡት ወረቀቱን አምነው ሳይሆን አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው አምነው ነው።

ክፉ ቀን ዛሬም አልቀረም

በ1992 ዓ.ም. እና በ1995 ዓ.ም. ድርቅ ወላይታን እንደገና ጎድቷል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ብዙ ቤተሰቦችን ከከብት ሽያጭና ከስደት ታድጓል። ያም ሆኖ መንግሥትም ሆነ ለጋሽ እስኪደርስ ድረስ ያለውን የመጀመሪያውን ሌሊት የሚያሳልፈው ምንጊዜም ጎረቤት ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚከብደው ምስክር በቅርቡ በጎረቤታችን በጎፋ ዞን የሆነው ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የመሬት ናዳ ደረሰ። ሰዎች ከአፈር ሥር ተቀበሩ። ድምፅ የሰማ ሁሉ መቆፈሪያና አካፋ ይዞ፣ ያልያዘውም በባዶ እጁ አፈሩን ለመጫር ሮጠ። እነርሱ ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ ወረደባቸው። ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሌላውን ለማዳን የመጡ ነበሩ።

እነዚያ ሰዎች ሲሮጡ ከአፈሩ ሥር ያለው የማን ዘር እንደሆነ፣ መሬት ያለው ይሁን የሌለው፣ የማኅበር አባል ይሁን አይሁን አልጠየቁም። ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረም። ምናልባት ሰው በእውነት ማን እንደሆነ የሚታወቀው ለመጠየቅ ጊዜ ባጣበት ሰዓት ነው። ቀሪው ዕድሜያችን ግን ለመጠየቅ ጊዜ ያለን ነው። ፈተናውም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ለማኅበሮቻችን የሚተርፍ ትምህርት

ታሪክ ለመታሰቢያ ብቻ ከተጻፈ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ስለዚህ ከላይ ከተነገረው በመነሣት በዚህ በዓል ወቅት ልናስብባቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮችን ማንሣት እወዳለሁ።

የመጀመሪያው የአባልነት ጉዳይ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቁት የኅብረት ሥራ መርሆዎች ሰባት ሲሆኑ አንደኛው አባልነት ያለ አድልዎ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ያዛል፤ ሰባተኛው ደግሞ ለማኅበረሰብ ማሰብን ያስተምራል። በተግባር ግን የአባልነት መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ብዙውን ጊዜ የአባወራው ስም ነው። እንሰቱን የምትፍቀው፣ ስኳር ድንቹን የምትቆፍረው፣ ገበያ የምትወጣው ሴት ስሟ የት አለ? ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ አልፊው፣ ቀጥቃጩስ? መሬት የሌለው ወጣትስ? አክሲዮን በአንድ ጊዜ መክፈል ለማይችል ሰው ቀስ በቀስ የሚከፍልበት መንገድ በየማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ሊመከርበት ይገባል።

ሁለተኛው የክፉ ቀን ዝግጅት ነው። ከትርፍ ላይ ለመጠባበቂያ የሚቀመጠው ገንዘብ ማኅበሩን ከኪሳራ ለማዳን እንደሚያስፈልግ ሁሉ አባሉን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ካለው የጭንቅ ወር ለማሻገር የሚውል ድርሻ ቢኖር መልካም ነው። በመኸር ወቅት በርካሽ የሚሸጥን በቆሎ ማኅበሩ ገዝቶ ቢያከማች፣ በበልግ ወራት ለዚያው አባል በተመጣጣኝ ዋጋ መልሶ ቢያቀርብለት ገበሬው አንድ በሬውን ለነጋዴ አይሸጥም። በሬ የሸጠ ገበሬ ከመቀናጆ ይወጣል፤ ከመቀናጆ የወጣ ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት እርሻውን ያጣል። ረሃብ ሰውን ከሰው የሚለየው በዚህ መንገድ ነው።

ሦስተኛው ለሥራ ኃላፊዎች የሚሆን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ወላይታ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መንግሥት መቀመጫ ሆናለች፤ ውሳኔ የሚሰጡ ቢሮዎችም ለገበሬው ቀርበዋል። የአረንጓዴው ረሃብ ትልቁ ትምህርት ልምላሜ እንደሚያታልል ነው። የወረዳ ባለሙያ ስለ አንድ ቀበሌ ሪፖርት ሲጽፍ ማሳውን ብቻ ሳይሆን የምድጃውን እሳት ይጠይቅ። ለዚህም ከማንም በፊት የሚያውቁት የማኅበሩ አባላትና የዕድሩ ዳኞች ናቸው።

መደምደሚያ

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ አባቶች ሸክምን መከፋፈል ያወቁት ከእኛ በፊት ነው። ለእኛ የቀረልን ሥራ የተካፋዮቹን ቁጥር ማስፋትና የተካፈልነውን በደንብ ማጽናት ነው።

ያቺ ሸክላ ሠሪ አሁን በሕይወት የለችም። አያቴም የለችም። በዚያ ምሽት የተናገረችው ቃል ግን ከእኔ ጋር አለ። ማኅበር ማለት እርሱ ይመስለኛል፦ አንዱ የሚሰጥ፣ ሌላው የሚቀበል ሆኖ በደጅና በቤት የሚለያዩበት ሳይሆን ሁሉም ሰጪ ስለሆነ ማንም ደጅ ላይ የማይቆምበት ቤት። ያንን ቤት የምንከፍተው ረሃብ ሲያስገድደን ብቻ ከሆነ ከአያቶቻችን አልተሻልንም። ምርት በሞላበት፣ ትርፍ በተከፋፈለበት በዚህ የበዓል ቀን ከከፈትነው ግን ለልጆቻችን የምናወርሰው ከመጋዘንና ከሚዛን የበለጠ ነገር ይሆናል።

መልካም የምሥረታ በዓል ይሁንልን።